ዜድ440 ላይ ራም ስጨምር አምስት ጊዜ ይጮሃል፤ ምን ልግዛለት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ የኤችፒ ዜድ440 ወርክስቴሽን ይዣለሁ። ፕሮሰሰሩ ዜዮን ኢ5-1603 ቪ3፣ ራሙ አንድ ባለ 8 ጊጋ፣ ግራፊክስ ካርዱ ኳድሮ ኬ2200 ነው። የምፈልገው ለአውቶካድና ለቀላል ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። ከሌላ ዴስክቶፕ የነቀልኳቸውን ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 (አራተኛው ትውልድ) ራሞች ስጨምርበት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ቀዩ መብራት አምስት ጊዜ ብልጭ ይላል፣ አምስት ጊዜም ይጮሃል። ማዘርቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን? ያለችኝን ብርስ መጀመሪያ ምኑ ላይ ላውላት?

መልስ 1፦ ማዘርቦርዱን አትጠርጥር። በዚህ ማሽን አምስት ጩኸት ራም ነው፤ ስድስት ቢሆን ግራፊክስ ካርድ ነበር። የተራ ዴስክቶፕ ራም ስሎቱ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ዜድ440 የሚቀበለው ሬጅስተርድ ኢሲሲ የሚባለውን የሰርቨር ራም ብቻ ነው። የራሙን ስቲከር አንብብ፦ ከ2133 ወይም ከ2400 ቀጥሎ ከሰረዙ በኋላ የምትመጣው ፊደል «አር» (R) ከሆነች ግዛው፣ «ዩ» (U) ከሆነች ተወው። ሁለቱን ቀላቅሎ መጠቀም አይቻልም።

አንድ ባለ 32 ከምትገዛ አራት ባለ 8 ግዛ። ፕሮሰሰሩ አራት የራም ቻናል (ከራም ጋር የሚገናኝበት መስመር) አለው፤ በአንድ ራም ስትሠራ ሦስቱ ሥራ ፈት ናቸው። ከፕሮሰሰሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት አድርገህ ሰካ።

ጠያቂው፦ ተባረክ። ፕሮሰሰሩንስ? ባለ 14 ኮሩ (14 የማስሊያ ክፍል ያለው) ኢ5-2680 ቪ4 ይሻልሃል ብለውኛል።

መልስ 2፦ ለአውቶካድ አይሻልህም። አውቶካድ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው በአንድ ኮር ስለሆነ የሚጠቅመው ፍጥነት ነው። 2680 ቪ4 ቢበዛ 3.3 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፤ ባለ 6 ኮሩ ኢ5-1650 ቪ4 ግን 4.0 ይደርሳል። ያንተ 1603 ቪ3 ቱርቦ (ሥራ ሲበዛ ፍጥነቱን በራሱ የሚጨምርበት) እንኳ የለውም፣ 2.8 ላይ ነው የሚቆመው። ማቀዝቀዣ አትግዛ፦ 1603ም 1650ም 140 ዋት ናቸው፣ ያለው ይበቃል።

ግን ቪ4 (ከቪ3 ቀጥሎ የመጣውን ትውልድ ፕሮሰሰር) ከመግጠምህ በፊት፣ የድሮው ፕሮሰሰር እንዳለ፣ ባዮሱን (ማሽኑን የሚያስነሳውን ቦርዱ ላይ ያለ ሶፍትዌር) ወደ መጨረሻው ስሪት አሳድግ። በድሮ ባዮስ ቪ4 አይነሳም። ዩፒኤስ ሳይኖር በፍጹም አትሞክረው፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ቦርዱ ሊሞት ይችላል።

መልስ 3፦ ስትቀይር ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ መሆናቸውን አትርሳ። ሶኬቱን ከፍተህ የስልክ መብራት በጎን በኩል አብራበት፤ ፒኖቹ በረድፍ እኩል ያበራሉ፣ የተጣመመው ብቻውን ጨለም ይላል። አንድ ፒን ከተጣመመ ማሽኑ ተነስቶም ከራሞቹ አንዱን ላያይ ይችላል፤ ያኔ ሰው ራሙን ሲቀያይር ይውላል። የማቀዝቀዣውን ብሎኖች በመስቀለኛ፣ ጥቂት ጥቂቱን እያፈራረቅህ እሰር። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስት የአተር ፍሬ ታህል ትበቃለች።

መልስ 4፦ ለኤስኤስዲ፦ ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት) በአዳፕተር ይሠራል፣ ከአዲሱ ባዮስ ጋር ዊንዶውስም ይነሳበታል። አዳፕተሩን ኤክስ8 (x8) የተባለው የካርድ ስሎት ላይ ሰካው፤ ኤክስ4ቱ (x4) የድሮው ጄነሬሽን 2 ስለሆነ ፍጥነቱን ይቆርጥብሃል። ዊንዶውስ 11 ይህን የፕሮሰሰር ትውልድ በይፋ አይደግፍም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍም ጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ይህን አውቀህ ግባበት።

ፓወር ሰፕላዩም የኤችፒ የራሱ ሶኬት ያለው ነው። ቢቃጠል ከሱቅ ተራ ፓወር ሰፕላይ ገዝተህ አትተካውም፣ ስለዚህ ስታቢላይዘር ይኑርህ።

ሌላ ጠያቂ፦ እኔ ዜድ420 ነው ያገኘሁት። ቪ2 ፕሮሰሰር ይቀበላል?

መልስ 2፦ ባዮስ ውስጥ ገብተህ የቡት ብሎክ (የማይቀየረው የባዮሱ መነሻ ክፍል) ቀኑን እይ። 2013 ካለ ይቀበላል። 2011 ካለ ባዮሱን ብታሳድገውም አይቀበልም፤ ያ ቀን በማሳደግ አይቀየርም። ራሙም ዲዲአር3 ስለሆነ ከላይ የተባለውን እንዳትገዛለት።