አስቸኳይ፦ ፋይል (የጥርስ ስር ማጽጃ ቀጭን ብረት) ጥርስ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?

ግራ የገባው፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሩት ካናል (የጥርስ ስር ውስጥ ያሉትን ቦዮች፣ ካናሎቹን፣ ማጽዳትና መሙላት) እየሠራሁ ፋይል ተሰበረብኝ። ጫፉ ውስጥ ቀርቷል። ታካሚዋ ደንዝዛለች፣ ምንም አልተሰማትም። «ራጁን አይቼ ልምጣ» ብዬ ወጣሁ። የክሊኒኩ ባለቤት «ሞልተህ ሸኛት፣ ካርዱ ላይም አትጻፈው» አለኝ። ደመወዜን የሚከፍለኝ እሱ ነው። ቢበዛ 20 ደቂቃ አለኝ። ምን ላድርግ?

የሌሊት ተረኛ፦
ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር ሳትነግረን ምን እንበልህ? የትኛው ጥርስ ነው? የትኛው ካናል? ራበር ዳም (ጥርሱን ከቀረው አፍ የሚለይ የላስቲክ ሽፋን) ነበረ? ቁራጩን ራጁ ላይ አይተኸዋል ወይስ «ውስጥ ነው» ብለህ ገምተህ ነው? ዳም ካልነበረና ራጁ ላይ ካልታየ ታካሚዋ ውጣው ወይም ወደ ሳንባዋ ስባው ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ዛሬውኑ የደረት ራጅ ያስፈልጋታል።

ፕላስተር፦
እንኳን ወደ ማኅበሩ በደህና መጣህ። ፋይል ተሰብሮብኝ አያውቅም የሚል ሐኪም ወይ ሩት ካናል አልሠራም፣ ወይ አልነገረንም።

ጥርስ ብቻ፦
አልትራሶኒክ (በንዝረት የሚሠራውን መሣሪያ) ተጠቀምና አውጣው።

ሲኒየሩ፦
ልጄ፣ ረጋ በል። መጀመሪያ ሙያህን አስታውስ። ሁሉም «ጉዳት አታድርስ» የሚለውን ከሂፖክራተስ መሐላ የተወሰደ ይመስለዋል። ቃል በቃል መሐላው ውስጥ የለም። ለዛሬው ሐኪም ይበልጥ የሚቀርበው የዓለም ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው የጄኔቫ መግለጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሻሻል ታካሚው ስለ ራሱ የመወሰን መብቱ እንዲከበር የሚል ቃል ገባበት። እንግዲህ ሴትዮዋ ያልነገርካትን ነገር እንዴት አድርጋ ትወስንበታለች? በእኛ ጊዜ...

ፕላስተር፦
ጋሼ፣ ልጁ ያለው 20 ደቂቃ ነው። ታሪኩን ማታ ይንገሩን።

ልኩን እንነጋገር፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ፋይል መሰበር ጥፋት አይደለም። በጥንቃቄ በሚሠራም ሰው እጅ ይሰበራል። ሁለት ሚሊ ሜትር ብረት ስር ውስጥ ቀረ ብለህ ሰው እንቅልፍ ትነሳለህ? ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ምንም አይሆኑም።

የሌሊት ተረኛ፦
ጥፋት ካልሆነ መደበቁ ለምን አስፈለገ? ይሄንን መልስልኝ።

ግራ የገባው፦
ይቅርታ፣ ተጣድፌ ነው። የታች አንደኛ መንጋጋ ነው፣ ከፊት ካሉት ካናሎች አንዱ። ዳም ነበረ። ራጁ ላይ በደንብ ይታያል፣ የስሩ ጫፍ አካባቢ ነው። ኒኬል ቲታኒየም ፋይል ነው። እዚህ እያጠብን ደጋግመን ነው የምንጠቀመው፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አላውቅም።

ጥርስ ብቻ፦
አልኩህ እኮ፣ አልትራሶኒክ።

ካናል ስድስት፦
እዚህ ላይ አልትራሶኒክ አትንካ! ጫፍ ላይ ያለን ቁራጭ ለማውጣት ከጤነኛው ጥርስ ብዙ ትቦረቡራለህ። ስሩን ትበሳዋለህ፣ ያኔ እውነተኛ ጥፋት ይሆናል። በቀጭን የእጅ ፋይል፣ በ8 ወይም በ10 ቁጥር፣ በጎኑ ለማለፍ ሞክር። እንቢ ካለህ አትግፋ። የታች መንጋጋ የፊት ካናሎች ብዙ ጊዜ ጫፍ አካባቢ ይገናኛሉ፣ በጎረቤቱ በኩል ማጽዳት ይቻል ይሆናል። ካልሆነ ጊዜያዊ ሙሌት አድርግና ማይክሮስኮፕ ላለው ስፔሻሊስት ላካት።

ብረቱ ራሱ አያመረቅዝም። ክፋቱ ከሱ በታች ያለው ቦታ ሳይጸዳ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት የነበረውን ራጅ ተመልከት። ነርቩ በሕይወት ከነበረና ስሩ ጫፍ ላይ ጥቁረት (የኢንፌክሽን ምልክት) ከሌለ ተስፋው ጥሩ ነው። ጥቁረት ካለ ክትትሉ ጠበቅ ይበል።

ደግሞ ያ «እያጠብን» ያልከው ነገር አሳስቦኛል። የስቲል ፋይል ከመሰበሩ በፊት ብዙውን ጊዜ ጥምዝምዙ ሲፈታ በዓይን ይታያል። ኒኬል ቲታኒየም ግን ደህና መስሎ ድንገት ይበጠሳል። ስንት ጊዜ እንደሠራ የማይቆጠር ፋይል በሰው ጥርስ ውስጥ መክተት ድንገተኛ አደጋ አይባልም። ባለቤቱ «አትጻፍ» ያለህ ለምን ይመስልሃል?

ልኩን እንነጋገር፦
እሺ፣ የፋይሉን ጉዳይ አላወቅኩም ነበር። ያ ሌላ ነገር ነው።

ሕግና ጤና፦
ጠበቃ ነኝ፣ የሕክምና ክሶች ይዤ አውቃለሁ። ካርዱን ዛሬ ጻፈው፤ ሰዓቱን፣ ጥርሱን፣ ካናሉን፣ የፋይሉን ዓይነት፣ ምን እንደነገርካት። የረሳኸው ካለ ነገ በነገው ቀን ጨምር እንጂ የዛሬውን አትሰርዝ፣ አትደልዝ። ሐኪም ከተሰበረ ፋይል ይልቅ በተደለዘ ካርድ ሲጠመድ ነው ያየሁት። የባለቤቱ ትእዛዝም አያድንህም፣ ካርዱ ላይ ያለው ፊርማ ያንተ ነው። የሙያ መድን ካለህ ዛሬውኑ ደውልላቸው።

ብነግራት ትከሰኛለች ብለህ ከፈራህ፣ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ስህተታቸውን ራሳቸው ለታካሚ መንገር ጀምረው ነበር። ክሱ ቀነሰ እንጂ አልበዛም።

ታካሚ ነኝ፦
ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ልናገር። የኔ ጥርስ ውስጥም አለ። ያወቅኩት ከ4 ዓመት በኋላ ነው። ሌላ ሐኪም ራጁን ወደ መብራቱ አንስቶ፣ ነጭ ክር የመሰለውን ነገር በእስክሪብቶ እያሳየኝ «ይሄንን ማን ሠራልሽ?» አለኝ። ብረቱ አልነበረም ያበሸቀኝ። ያኛው ሐኪም በር ድረስ ሸኝቶኝ «በጣም ቆንጆ ሆኖልሻል» ያለኝ ትዝ አለኝ።

የሌሊት ተረኛ፦
እንግዲህ ሰማህ። ዳሙን አውጣ፣ ወንበሩን ቀና አድርገው፣ ማስክህን ዝቅ አድርግና ፊት ለፊት ተቀመጥ። ተኝታ አፏ ተከፍቶ አትንገራት። «ጥርስዎን ሳጸዳ የመሣሪያዬ ጫፍ ተሰብሮ ስሩ ውስጥ ቀርቷል። ይቅርታ። አሁን አደጋ ላይ አይደሉም። ያሉን መንገዶች እነዚህ ናቸው» በላት። ራጁን አሳያት። ከዚያ ዝም በል። ከንፈሯ ደንዝዟል፣ ቶሎ መናገር አትችልም፣ ዝምታውን በወሬ አትሙላው። ስትወጣም የነገርካትን በወረቀት ጽፈህ ስጣት።

ግራ የገባው፦
እሺ። ባለቤቱ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። እየገባሁ ነው። መጥቼ እጽፋለሁ።

ፕላስተር፦
በርታ ዶክተር።

ጥርስ ብቻ፦
አልትራሶኒክ ሞከርክ?

ካናል ስድስት፦
እህሳ፣ ምን አለች?

ሲኒየሩ፦
ልጄ፣ ሦስት ቀን ሆነህ። ደህና ነህ ወይ?

አዲስ ገቢ፦ (ከ7 ወር በኋላ)
ይቅርታ የድሮ ጥያቄ ስለቀሰቀስኩ። ጠያቂው ካለህ እባክህ ምን እንዳለችህ ንገረኝ። እኔም አሁን ፋይል ተሰበረብኝ፣ ሰውዬው ወንበር ላይ ነው።

የሌሊት ተረኛ፦
የትኛው ጥርስ? ራበር ዳም ነበረ?