ሁለቱ ማኅበራት ይዋሐዱ ወይስ በየራሳቸው ሆነው ይተባበሩ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በአንድ የሳይንስ ዘርፍ ሁለት ማኅበራት አሉ። አንደኛው የተመራማሪዎች ነው፤ መጽሔት ያሳትማል፣ ጉባኤ ይጠራል። ሁለተኛው በሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎችን ይዟል፤ የሙያ ማዕረግ ይሰጣል፣ የሥነ ምግባር ደንብ ያስከብራል። ይዋሐዱ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። (ዓመቶቹ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ደጋፊ፦ ይዋሐዱ። መንግሥት ስለ ምርምር በጀት ወይም ስለ ሥርዓተ ትምህርት አስተያየት ሲጠይቅ ሁለት የማይስማሙ ደብዳቤዎች ከደረሱት ሁለቱንም ወደ ጎን ያደርጋቸዋል። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ተቋም በ1884፣ የሬዲዮ መሐንዲሶች ተቋም ደግሞ በ1912 ነው የተመሠረቱት። ኤሌክትሮኒክስ ሲስፋፋ ሥራቸው ተደራረበ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1963 ተዋሕደው አይ ትሪፕል ኢ የሚባለውን የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም ፈጠሩ፤ ገና ሲነሣ 150,000 ያህል አባላት ነበሩት።

ተቃዋሚ፦ ምሳሌዎን እቀበላለሁ፤ ለምን እንደ ሠራ ግን አልነገሩንም። የሬዲዮ መሐንዲሶቹ ከውህደቱ በፊት በየዘርፉ የተደራጁ የሙያ ቡድኖች ነበሯቸው፤ አዲሱ ተቋም ያንን አደረጃጀት ወረሰ። ስለዚህ ትንሹ ዘርፍ በትልቁ አልተዋጠም። ሁለቱም ደግሞ የመሐንዲሶች ማኅበራት ነበሩ። እዚህ ግን አንዱ የዕውቀት፣ ሌላው የማዕረግ ማኅበር ነው። ለዚህ የሚቀርበው የእንግሊዝ ሒሳብ ሊቃውንት ጉዳይ ነው። በ1865 የተቋቋመው የለንደን ሒሳብ ማኅበርና በ1964 የተቋቋመው የሒሳብና አተገባበሩ ተቋም ሊዋሐዱ ታስቦ ነበር። ሜይ 31 ቀን 2011 የለንደኑ ማኅበር አባላት ድምፅ ሲሰጡ 458 ደገፉ፣ 591 ተቃወሙ፤ ዕቅዱ ቀረ። ለመንግሥት በአንድ ድምፅ ለመናገር ደግሞ ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2001፣ ሁለቱ ከብሪታኒያው ንጉሣዊ የስታቲስቲክስ ማኅበር ጋር የጋራ ምክር ቤት አቋቁመው ነበር።

ሒሳብ ዐዋቂ፦ ከድምፁ በፊት ገንዘቡን እንይ፤ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚያ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንዱ 6,000፣ ሌላው 4,000 አባላት ቢኖሩትና 1,500ዎቹ በሁለቱም ቢመዘገቡ፣ አዲሱ ማኅበር የሚኖረው 8,500 አባል እንጂ 10,000 አይደለም። 1,500ዎቹ ሁለት ጊዜ ይከፍሉ የነበረውን መዋጮ አሁን አንድ ጊዜ ይከፍላሉ። የመዋጮው መጠን እኩል ከነበረ ገቢው በመጀመሪያው ዓመት 15 በመቶ ይወርዳል። አንድ ቢሮ በመዝጋት የሚገኘው ቁጠባ ይህን መሸፈኑ በወረቀት ላይ መታየት አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን የአባላት መዝገብ አስተያዩ፤ በጀት ከዚያ በኋላ ይሠራ።

ሌላው የታሰረ ገንዘብ ነው። ለሽልማት ተብሎ የተሰጠ ስጦታ ሰጪው ከወሰነለት ዓላማ ውጭ አይነካም፤ በሒሳብ መግለጫው ላይ ግን ሀብት መስሎ ይታያል። ለሠራተኞች ጡረታ የተገባው ግዴታም ሳይመረመር ወደ አዲሱ አካል ይተላለፋል። በድሮው ስም የተጻፉ ኑዛዜዎች ስላሉ የድሮው ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት ወዲያው ባይፈርስ ይሻላል፤ ሥራ ሳይሠራ በስሙ ብቻ ይቆይ።

የመጽሔት አዘጋጅ፦ እባካችሁ የመጽሔቶቹን ስም አትንኩ። ስሙ በጉልህ ሲለወጥ አዲስ የአይኤስኤስኤን መለያ ቁጥር ይወጣል፤ ጥቅሶቹም በአሮጌውና በአዲሱ ስም ይከፈላሉ። ኢምፓክት ፋክተር፣ ማለትም የአንድ መጽሔት ጽሑፎች በአማካይ ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚያሳየው መለኪያ፣ የሚሰላው ባለፉት ሁለት ዓመታት በታተሙት ጽሑፎች ላይ ስለሆነ፣ አዲሱ ስም ምን ያህል እንደሚጠቀስ እስኪታወቅ ደራሲዎች ወደ ሌላ መጽሔት ይሄዳሉ። ከአሳታሚዎች ጋር የተፈረሙትን ውሎችም አንብቡ፤ መብቱ ያለ አሳታሚው ፈቃድ ለሌላ አካል አይተላለፍም የሚል አንቀጽ ሊኖር ይችላል።

በ1903 የተቋቋመው የፋራዳይ ማኅበር በ1980 ከሦስት ሌሎች ጋር ተዋሕዶ የብሪታኒያ ንጉሣዊ ኬሚስትሪ ማኅበር ሲመሠረት ልማዱ አልጠፋም። በፋራዳይ ዲስከሽንስ ስብሰባ ጽሑፎቹ አስቀድመው ለተሳታፊዎች ይደርሳሉ፤ ጊዜው ለክርክር ይውላል፤ ክርክሩም ከጽሑፎቹ ጋር አብሮ ይታተማል። ውህደት እንዲህ ያለውን ነገር ካላዳነ ምን ይጠቅማል?

ደጋፊ፦ ይኸው ምሳሌ ለተቃዋሚውም መልስ ነው። ከተዋሐዱት አራቱ አንዱ ንጉሣዊው የኬሚስትሪ ተቋም ነበር፤ ሥራውም የሙያ ብቃት ማረጋገጥ ነበር። ሌላው፣ በ1841 የተመሠረተው የኬሚካል ማኅበር፣ ደግሞ የዕውቀት ማኅበር ነበር። ተዋሐዱ፤ የቻርተርድ ኬሚስት ማዕረግም እስከ ዛሬ ይሰጣል።

ተቃዋሚ፦ ይህንን እቀበላለሁ፤ አይቻልም ማለቴን ትቻለሁ። የቀረኝ ስጋት የአሠራር ነው። አባላት የመተዳደሪያ ደንቡን ረቂቅ ሳያዩ «ትስማማላችሁ?» ተብለው መጠየቅ የለባቸውም። ሁለቱ ማኅበራት ለየብቻ ድምፅ ይስጡ፤ ጉዳዩ በትልቁ ቁጥር እንዳይወሰን። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ለምክር ቤቱ ተጠሪ አይሁን፤ ማዕረግ የሌለው ተመራማሪ የማዕረግ መመዘኛ ላይ ድምፅ አይኑረው። እነዚህ በደንቡ ላይ ከሰፈሩ ድምፄን እሰጣለሁ።

ሒሳብ ዐዋቂ፦ ለሦስት ዓመት ጽሕፈት ቤቱና የአባላት መዝገቡ የጋራ ይሁን፤ ሁለቱ ሕጋዊ አካላት ይቆዩ። ከዚያ በኋላ ድምፅ ይሰጥ።

ደጋፊ፦ በዚህ አልስማማም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሠራተኛ ለሁለት ቦርድ ሪፖርት ያደርጋል፣ በየዓመቱ ሁለት ኦዲት ይከፈላል፤ ቁጠባው ሳይመጣ ወጪው ይጨምራል። ጎበዝ ሠራተኛ ደግሞ የሥራ መደቡ ይኑር አይኑር ሳያውቅ ሦስት ዓመት አይጠብቅም። አስቀድሞ ድምፅ ይሰጥ፤ ከተወሰነ ሽግግሩ በ12 ወር ይለቅ።

ሒሳብ ዐዋቂ፦ ከድምፁ በፊት የጡረታው ግዴታ ምርመራ ካለቀ እሺ። ካላለቀ ግን ድምፁ የሚሰጠው መጠኑ ባልታወቀ ዕዳ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ አልንቀሳቀስም።