ሮክ ኤንድ ሮል የማን ልጅ ነው? የፖፕ ወይስ የአር ኤንድ ቢ?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ይሄ ነው፦ የአሜሪካ ሮክ ኤንድ ሮል የወጣው ከድሮዎቹ የሬዲዮ ፖፕ ዘፈኖች ነው ወይስ ከጥቁሮቹ ሪትም ኤንድ ብሉዝ (አር ኤንድ ቢ)? ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጅ ይሁን። ስድብ የለም።

ባለ ክሩ፦ እኔ ከፖፕ ነው ባይ ነኝ። ጥቁሩ ፒያኒስትና ዘፋኝ ፋትስ ዶሚኖ በ1956 የገነነበት «ብሉቤሪ ሂል» የራሱ ዘፈን አይደለም። በ1940 የግሌን ሚለር ባንድ ተጫውቶት አሜሪካ ሁሉ ሰምቶታል። ፕላተርስ የተባሉት ድምፃውያን በ1958 ያወጡት «ስሞክ ጌትስ ኢን ዩር አይስ» ደግሞ የ1933 የብሮድዌይ ዘፈን ነው። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?

ከበሮ፦ ዜማውማ ከፖፕ ነው፣ ማን ካደ? ግን ሁለቱን «ብሉቤሪ ሂል» አከታትለህ ስማቸው። የሚለር ነፊዎች ለስለስ አድርገው ያልፉታል። ዶሚኖ ግን በእያንዳንዱ ምት ላይ ፒያኖውን ሦስት ሦስት ጊዜ ይወቅጠዋል። ከሥር ከበሮው ሁለተኛውንና አራተኛውን ምት ይዞ ይሄዳል። ይሄ አመታት የኒው ኦርሊንስ ጥቁሮች ነው፣ ከሚለር አልተማረውም።

ባለ ክሩ፦ ምት ብቻውን ዘፈን አይሆንም ወንድሜ። «ሮክ አራውንድ ዘ ክሎክ»ን ከጻፉት አንዱ ማክስ ፍሪድማን የድሮ ፖፕ ደራሲ ነው። ነጩ ዘፋኝ ቢል ሄሊ በ1954 ሲቀርጸው ሰውዬው ስልሳ ዓመት አልፎታል።

የሸክላ ልጅ፦ ጥሩ ቦታ ላይ መጣህልኝ። ያንን ሸክላ ዴካ የተባለው የሸክላ ኩባንያ ውስጥ ያሠራው ማን ነው? ሚልት ጋብለር። ከዚያ በፊት ዓመታት ሙሉ የአር ኤንድ ቢውን ኮከብ ሉዊስ ጆርዳንን ያሠራ የነበረው እሱው ነው። የጆርዳንን ሪፎች (እየተደጋገሙ የሚመጡ አጫጭር ዜማዎች) ለሄሊ ልጆች እያዜመ ይሰጣቸው እንደነበር ራሱ ተናግሯል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጆርዳን ጥቁር ሆኖ በ1940ዎቹ የፖፕ ሰንጠረዥ ላይም ይወጣ ነበር። የሙዚቃ መጽሔቱ ቢልቦርድ እስከ 1949 ድረስ የጥቁሮችን ሙዚቃ «የዘር ሸክላ» ብሎ ለብቻው ይዘረዝር ነበር። እናንተ አሁን የምትከራከሩበት አጥር የነጋዴዎቹ ነው፣ ሙዚቀኞቹማ ሲዘሉት ነው የኖሩት።

ከበሮ፦ አጥሩን የዘለለ ሁሉ እኩል አልበላም እኮ! በ1955 የዶሚኖ «ኤይንት ዛት ኤ ሼም» በፖፕ ሰንጠረዥ 10ኛ ላይ ቆመ። ነጩ ፓት ቡን ያንኑ ዘፈን አለስልሶ ደገመው፣ አንደኛ ወጣ። ሬዲዮ ጣቢያዎቹ ማንን ደጋግመው እንዳጫወቱ መገመት አያቅትም። ፖፕ ወሳጅ እንጂ ወላጅ አይደለም።

ባለ ክሩ፦ ኤልቪስስ?

ከበሮ፦ ሐምሌ 1954፣ ሜምፊስ። የመጀመሪያ ሸክላው አንዱ ፊት የጥቁሩ አርተር ክሩደፕ ብሉዝ፣ ሌላኛው ፊት የቢል ሞንሮ ብሉግራስ፣ የነጮቹ የገጠር ሙዚቃ። ፖፑን አሳየኝ።

ባለ ክሩ፦ በዚያው ምሽት ክሩደፕን ከመንካቱ በፊት የዘፈነው ምን ነበር? «ሀርበር ላይትስ»፣ የ1937 ፖፕ። ልጁ በልቡ የያዘው ሬዲዮ ላይ የሰማውን ነው።

የሸክላ ልጅ፦ እውነት ነው፣ ቴፑም አለ።

ከበሮ፦ አለ፣ ግን የስቱዲዮው ባለቤት ሳም ፊሊፕስ አላወጣውም። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት የክሩደፕን ዘፈን እየቀለዱ ሲጀምሩት ነው ሰውዬው ብድግ ያለው። «ሀርበር ላይትስ» ለሕዝብ የወጣው በ1970ዎቹ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሮክ ኤንድ ሮል ስንት ልጅ ወልዷል!