ላፕቶፔ ይሰራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ሞኒተር ልግዛ ወይስ ሌላ ላፕቶፕ?

የኮዬዋ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ኮዬ ፈጬ ነኝ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ፋኑ ይዞራል፣ ኪቦርዱ ይበራል፣ ዊንዶውስ ሲገባ ድምፁ ይሰማል፣ ምስል ግን የለም። ነገ ከሰዓት የማስረክበው ሂሳብ ውስጡ አለ። ለሞኒተር የሚሆን ብር አለኝ፣ ለላፕቶፕ ግን መበደር ሊኖርብኝ ነው። ሳምሰንግ፣ ዴል፣ ኤልጂ፣ የቱ ይሻላል? 24 ኢንች ወይስ 27?

ገላን ኮንዶ፦
ሞዴሉን ሳትነግሪን ምን እንበልሽ? ለማንኛውም ቻርጀሩን ንቀዪና ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ። ከዛ አብሪው።

ጋሼ ኤሌክትሪክ፦
ልጆቼ፣ መብራት ሲሄድ ሶኬት ንቀሉ። መብራት ሲመለስ የሰፈሩ ፍሪጅና ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሳል፣ ቮልቴጁም ይወጣል ይወርዳል። የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይችላል፣ ስለዚህ ሲወርድ ብዙ አይጎዳም። የሚያቃጥለው ድንገት ሲዘል ነው። ተራ ዲቫይደር ደግሞ ቀዳዳ ያበዛል እንጂ ምንም አይከላከልም። መብራቱ ከመጣ በኋላ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩ።

የኮዬዋ፦
እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ከእንግዲህ እነቅላለሁ። አሁን ግን የነገውን ያስቡልኝ። 30 ሰከንዱን ሞክሬዋለሁ፣ እምቢ አለ። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ነው።

አያት 49፦
ሞኒተር ለምን ትገዣለሽ? ስልክ ይበቃል። ሳምሰንግ ዴክስ ከጋላክሲ ኤስ8 ጀምሮ፣ ከ2017 ማለት ነው፣ ስልኩን ከቲቪ ስክሪን ጋር አገናኝቶ እንደ ኮምፒውተር ያሰራል።

ቱሉ ዲምቱ፦
የኤስ ስልክ ላለው ነው እሱ። እዚህ ሰፈር አብዛኛው ሰው የያዘው ጋላክሲ ኤ ነው። ለምሳሌ ኤ54 ቻርጅ ማድረጊያው ታይፕ ሲ ቢሆንም በገመድ ምስል አያወጣም። ቀዳዳው አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻ ገመድ ገዝተው የሚከስሩ አሉ። ደግሞ ስራዋ በሂሳብ ፕሮግራሙ በፒችትሪ ከሆነ በስልክ አይከፈትም።

የኮዬዋ፦
ፒችትሪ ነው! ስልኬም ኤ ነው።

መገናኛ ጥገና፦
እህቴ፣ ምንም ሳትገዢ ሁለት ነገር አድርጊ። መጀመሪያ ክፍሉን አጨልሚና የስልክሽን ባትሪ አብርተሽ ስክሪኑን ከጎን እዪው። ደብዘዝ ያለ ምስል ከታየሽ ዊንዶውሱ ደህና ነው፣ የጠፋው የጀርባ ብርሃኑ ነው። ሁለተኛ፣ ያንቺ ሞዴል ኤችዲኤምአይ (ምስል ወደ ቲቪ የሚያወጣው ቀዳዳ) አለው። የዲኮደርሽን ገመድ ንቀዪና ላፕቶፑን ከቲቪው ጋር አገናኚው። ቲቪውን ወደዛው ኤችዲኤምአይ ቀይሪ። ምስል ካልመጣ የዊንዶውስ ቁልፉን ሳትለቂ የ«P» ፊደልን መታ መታ አድርጊና ኢንተር በዪ። ቲቪው ላይ ከመጣ ስራሽን ዛሬ ማታ ጨርሺ፣ ፋይሉንም ፍላሽ ላይ ገልብጪ። የምትገዢውን ነገ በተረጋጋ መንፈስ ትመርጫለሽ።

ጀሞ 2፦
ማታ ኳስ ካለ ግን ቲቪውን ማን ይለቅላታል 😂

ለገጣፎ፦
ማብሪያውን 30 ሰከንድ ተጭነሽ ያዢ፣ የኔ እንደዛ ነው የተስተካከለው።

ገላን ኮንዶ፦
ሞክሬዋለሁ ብላለች እኮ፣ ከላይ አንብብ።

ቱሉ ዲምቱ፦
እኔ የምቃወመው ሞኒተር የሚለውን ራሱን ነው። ሞኒተር ባትሪ የለውም። ኮዬ መብራት በሄደ ቁጥር ላፕቶፑ በባትሪ እየሰራ አንቺ ምንም አታዪም። ሰሪ ጋ ወስደሽ የ14 ኢንች ፓኔሉን፣ ስክሪኑን ራሱን ማለቴ ነው፣ አስቀይሪ። የድሮውን ይዘው ያስተያዩልሽ፣ ፓኔሉን ከዋናው ሰርኪት ቦርድ ጋር የሚያገናኘው ገመድ የፒን (ጥርስ) ቁጥርና የምስል ጥራቱ መግጠም አለበት። ገና ሳይከፈት ግን «ቦርዱ ነው» የሚልሽን አትመኚ። ቲቪ ላይ ምስል ካመጣ ቦርዱ ሙሉ በሙሉ አልሞተም።

መገናኛ ጥገና፦
ልክ ነው። ያ የውስጡ ገመድ ብቻ ላልቶም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ከፓኔል በጣም ይረክሳል።

የኮዬዋ፦
በባትሪ ሳየው የሆነ ነገር ብዥ ብሎ ይታያል!! የቲቪውን ገመድ ከጎረቤት ላምጣ። ግን ሞኒተሩንስ ጨርሼ ልተወው? ሁሌም ቁጥር ሳይ ዓይኔን ያመኛል።

አያት 49፦
ለዓይንሽ ከሆነማ ጥሩ ነው፣ ግን ፓኔሉን አስቀይረሽ ብር ከተረፈሽ። ስም አትምረጪ። ዴልም ሳምሰንግም ኤልጂም ጥሩም ደካማም ያወጣሉ። ጀርባው ላይ ያለውን ቀዳዳና የፓኔሉን ዓይነት እዪ። አይፒኤስ የሚባለው የፓኔል ዓይነት ከጎንም ሲታይ ቀለሙ ብዙም አይቀየርም። ጥራቱ (የነጥቦቹ ብዛት) 1920 በ1080 ከሆነ 24 ኢንቹን ያዢ። 27 ላይ ያው ጥራት ይለጠጥና ፊደሉ ሻካራ ይሆናል፣ 27 የሚያምረው 2560 በ1440 ሲሆን ነው።

መገናኛ ጥገና፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ በዚህ ብዙ ሰው ይከስራል። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ሞኒተሮች ውስጥ ዲስፕሌይፖርትና ቪጂኤ የሚባሉ ሌሎች የምስል ቀዳዳዎች ብቻ ያላቸው ብዙ ናቸው። ተራው የዲስፕሌይፖርትና ኤችዲኤምአይ ገመድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሰራው። ዲስፕሌይፖርቱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ኤችዲኤምአዩ ስክሪኑ ላይ ሲሆን ማለት ነው። ባንቺ በኩል ግልባጩ ነው፣ ስለዚህ ሰክተሽው ዝም ይላል። ኤችዲኤምአይ ያለውን ፈልጊ። ዲቪአይ የሚባለው ቀዳዳ ያለውም በርካሽ ገመድ ይሆናል። ላፕቶፑን ይዘሽ ሂጂና እዛው ሱቁ ውስጥ ይሰካልሽ። መጀመሪያ ሙሉ ነጭ ገጽ፣ ቀጥሎ ሙሉ ጥቁር አስከፍተሽ ማዕዘኖቹን ሳታዪ ብር አትክፈዪ።