የማሲንቆዬን አንቺ ሆዬ ለጓደኞቼ ስልክላቸው «ከቅኝት ወጥቷል» ይሉኛል፤ እንዴት ላጋራው?

የፔዳው ማሲንቆ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፣ ፔዳ አካባቢ። ማሲንቆ የተማርኩት ከአጎቴ ነው። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሰርግ ላይ የተጫወተ ሰው ነው፣ ኖታ የሚባል ነገር አሳይቶኝ አያውቅም፤ «ጣትህን እዚህ፣ እንዲያ አይደለም፣ ትንሽ ወደ ታች» እያለ ነው ያስለመደኝ።

ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ወርጄ አንቺ ሆዬን፣ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱን፣ በስልኬ ቀረጽኩ። አራት ደቂቃ ይሆናል። አንድ ጓደኛዬ ከሥሩ ኪቦርድ ጨመረበት፣ እኔም ደስ ብሎኝ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቅኩት፣ ቁራጩን ደግሞ ቲክቶክ ላይ። መልሱ ምን ሆነ? «ያምራል ግን ወጥቷል»፣ «ቃኘውና ድገመው»። አንዱማ በኦቶ ቲዩን (ድምፁን በግድ ወደ ፒያኖው ቁልፍ የሚስብ ፕሮግራም ነው) አሳልፎ «አስተካከልኩልህ» ብሎ መልሶ ላከልኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያንን ስሰማ ሆዴ ባባ። የአጎቴ ጣት ከውስጡ ጠፍቷል።

ከዚያ በቲዩነር አፕ ለካሁት። ለማታውቁት፣ በፒያኖ ሁለት ጎረቤት ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት 100 ሴንት ተብሎ ነው የሚቆጠረው፣ አንድ ሙሉ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ሲ እስከሚቀጥለው ሲ፣ 1200 ነው። እኔ መነሻዬን ሲ የሚባለው የፒያኖ ድምፅ ላይ አድርጌ ስጫወት፣ ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ ፒያኖው ላይ 100 መሆን ሲገባው እኔ ጋ 130 ገደማ ነው። በሁለቱ ቁልፎች መካከል ነው ያለው ማለት ነው። ሳነብ እንዲህ ዓይነቱ ሙዚቃ ማይክሮቶናል እንደሚባል አየሁ።

ጥያቄዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የጆሯቸው? ለጓደኞቼስ እኔ የምሰማውን እንዲሰሙልኝ አድርጌ የማጋራው እንዴት ነው? እነሱ ሙዚቀኛ አይደሉም፣ ግን በጣም ነው የምወዳቸው፣ ይህንን እንዲያጡት አልፈልግም።

ኪቦርድ ግሽ አባይ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያንን ኪቦርድ አውጣው። ጓደኛህን ላስቀይም ብዬ አይደለም፣ እኔም ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። አንቺ ሆዬ ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ጓደኛህ የለመደውን የሲ ሜጀር ኮርድ (ሲ፣ ኢ እና ጂ አንድ ላይ) ከመታ ኢ እና ጂ ገቡ ማለት ነው፣ ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም። እንግዲህ አድማጭ ማንን ይመን? ኪቦርዱን ያምናል፣ ምክንያቱም ጆሮው ሲለምደው የኖረው እሱን ነው።

ዜማህን እየተከተለ ከተጫወተ ደግሞ ይብሳል። የኪቦርዱ ዲ ፍላት (ከመካከለኛው ሲ ቀጥሎ ያለው) 277 ሄርዝ ነው፣ በሴኮንድ 277 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው፣ ያንተ 30 ሴንት ከፍ ሲል 282 ይደርሳል። ሁለቱ አብረው ሲሰሙ ልዩነታቸውን ያህል፣ በሴኮንድ 5 ጊዜ፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ጓደኞችህ «ወጥቷል» ያሉት ይህንን መንቀጥቀጥ ይመስለኛል። ማሲንቆህ ለብቻው ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አይሉም ነበር።

ኪቦርድ የግድ ካስፈለገ ብዙዎቹ የያማሃ ፒኤስአር ኪቦርዶች ውስጥ «ስኬል ቲዩን» የሚባል ቦታ አለ። ለአረብ ዘፈን የተዘጋጀ አማራጭም እዚያው ታገኛለህ። ዲ ፍላትን ብቻ ለይተህ 30 ጨምርለት። መነሻውን ከቀየራችሁ ግን እንደገና ማስተካከል አለባችሁ፣ ይህንን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ሹም አቦ ሰፈር፦

እኔ ትንሽ የሚከብድ ነገር ልጠይቅህ፣ ግን በቅንነት ነው። ያ 130 ሁልጊዜ 130 ነው? እኔም ማሲንቆ እሞክራለሁ። ማሲንቆ አንድ ጭራ ነው፣ ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም፣ ስለዚህ «ቅኝቴ ነው» ብሎ ስህተትን መሸፈን በጣም ቀላል ነው። እኔ ራሴ ለአንድ ዓመት ያህል እንደዚያ ሳደርግ ነበር።

አንድ ሐረግ ምረጥና አሥር ጊዜ ተጫወተው፣ በተለያየ ቀን ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ከዚያ ያንን ድምፅ ብቻ ለካ። አሥሩም ጊዜ እዚያው አካባቢ ካረፈ፣ ለምሳሌ ከ125 እስከ 135፣ ጣትህ የት እንደሚሄድ ያውቃል ማለት ነው፣ ማንም ምንም ቢልህ አትንካው። አንዴ 105 አንዴ 150 ከሆነ ግን ጓደኞችህ ልክ ናቸው፣ ልምምድ ነው የሚቀርህ። ከቻልክ አጎትህንም ለካ።

የፔዳው ማሲንቆ፦

ሹም አቦ፣ ጥያቄህ አልከበደኝም፣ እንዲያውም ልክ ነህ። አሁኑኑ እሞክረዋለሁ። ኪቦርድ፣ አንተም የነገርከኝን አላውቅም ነበር፣ ጓደኛዬ በትክክል ሜጀር ኮርድ ነው የመታው።

ቀረጻ ቤት፦

እኔ ደግሞ የምነግርህ ስለ ቀረጻው ነው፣ ትንሽ ረዘም ይልብሃል። ቲክቶክ ላይ ያለውን ሰምቼዋለሁ። ሥራዬ ድምፅ ቀረጻ ነው፣ ባሕር ዳር ውስጥ የመጣልኝን ሁሉ እቀርጻለሁ፣ መዝሙርም ሰርግም።

በመጀመሪያ ጣና ዳር ያለው ነፋስ። ከሰዓት በኋላ ሲነሳ የስልክ ማይክ ላይ ጉርር የሚል ድምፅ ይፈጥራል፣ ስልኩ ደግሞ ጩኸት መቀነሻው በርቶ ከሆነ ነፋሱን አጠፋለሁ ብሎ የማሲንቆህን ረጅም ምት አብሮ ይበላዋል። ያ ሶፍትዌር የተሠራው ለንግግር ነው። ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ድምፅ ሲሰማ እንደ ጩኸት ይቆጥረዋል። በገና ላይማ ግልጽ ነው፣ ከክሩ ሥር ያለው እንዝራ የሚያወጣውን ያንን ንዝረት ቆራርጦ ሲያወጣው ሰምቼ አዝኛለሁ። ስለዚህ የድምፅ መቅጃህ ውስጥ ገብተህ ጩኸት መቀነሻውን አጥፋ። ጠዋት በማለዳ ቅረጽ፣ ውሃው ጸጥ ሲል። ወይም ቤት ውስጥ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ያለበት ክፍል ከሆነ እሰየው።

ሁለተኛ፣ ቴሌግራም ላይ በማይክ ምልክቷ እንደ ድምፅ መልእክት አትላክ። እሷ ለወሬ ናት። ቀርጸህ በፋይል ላክ፣ ስሙንም «አንቺ ሆዬ፣ ማሲንቆ» ብለህ ጻፍበት። አንዳንዱ ሰው ፋይል ሲጨመቅ ቅኝት ይበላሻል ይላል። አይበላሽም። ኤምፒ3 ድምፁን ያደበዝዘዋል እንጂ ከፍታውን አይቀይርም። ሙሉ ዘፈኑ ፈጥኖና ቀጥኖ ከተሰማህ ግን ሌላ ነገር ነው፣ በ44.1 ኪሎ ሄርዝ (ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመዘገብ የሚቆጠርበት ነው) የተቀረጸው በ48 ተከፍቶ ነው፣ ያኔ ሁሉም ነገር 147 ሴንት ያህል አብሮ ይወጣል።

ሦስተኛውና ትልቁ ይሄ ነው። ለጆሮ ቤት ሥራለት። ጓደኞችህ አውቶብስ ውስጥ ሆነው ቪዲዮህን ሲከፍቱ ከመሃል ነው የሚገቡት፣ መነሻው የትኛው እንደሆነ አያውቁም። መነሻውን ያላወቀ ጆሮ 130 ሴንትን ምን ያድርገው? ወደሚያውቀው ወደ 100 ይጎትተዋል፣ ከዚያ «ወጥቷል» ይላል። ስለዚህ የመነሻህን ድምፅ ብቻውን ለአንድ ደቂቃ ቅረጸውና ከሥር አንጥፈው። ከራስህ ማሲንቆ ይሁን፣ ወይም ክራር ካለህ ከክራር። መጀመሪያ አምስት ሴኮንድ እሱ ብቻ ይሰማ፣ ከዚያ አንተ ግባ። በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ ግን አትምረጥ፣ የስልክ ስፒከር ወፍራሙን አያወጣውም፣ በጆሮ ማዳመጫ የሰማኸው ውበት በሰው ስልክ ላይ ባዶ ይሆናል። እኔ ሁልጊዜ በርካሽ ስልክ ሞክሬ ነው የማስረክበው።

ኪቦርድ ግሽ አባይ፦

ይሄ የመጨረሻው ትክክል ነው። አዝማሪ ቤትም ብትሄዱ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ማሲንቆው ዝም ብሎ ይዞራል፣ ይመላለሳል። ሰዉ ወሬውን ሳይጨርስ ጆሮው ቅኝቱ ውስጥ ገብቷል። ቲክቶክ ያንን ነው የቆረጠብን።

የድጓ ተማሪ ነበርኩ፦

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ቲክቶክ የምትሉትን ልጆቼ ናቸው የሚያሳዩኝ። ጥያቄህን አንብቤ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። እኔ በልጅነቴ ከዘጌ ወጥቼ ዜማ ተምሬያለሁ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ነው፣ ምልክቶቹም ስምንት ናቸው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ። አንዳቸውም ይህን ቁልፍ ምታ አይሉህም። አካሄዱን ነው የሚያሳዩህ። ድምፁ የት እንደሚያርፍ የምታገኘው ከመምህርህ አፍ ነው፣ ደጋግመህ ሰምተህ። አጎትህ «ትንሽ ወደ ታች» ሲልህ ያደረገው ያንኑ ነው። ለጓደኞችህም እንዲሁ አድርግላቸው። አንድ ጊዜ ልከህ አትተው፣ ያንኑ አጭር ሐረግ ደጋግመህ አሰማቸው።

ጣና ማዶ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ የምጨምረው አጭር ነው። ይሄ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። ቱርኮች ኦክታቩን 53 ቦታ ከፍለው ያስተምራሉ። አረቦች ሩብ ድምፅ፣ ማለትም በሁለት ጎረቤት ቁልፎች መሃል የሚያርፍ ድምፅ፣ አላቸው፣ 1932 ካይሮ ላይ በተደረገው ትልቅ ጉባኤ ስለ ቅኝታቸው ብዙ ተከራክረውበታል። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሪ ፓርች ደግሞ በአንድ ኦክታቭ ውስጥ ለ43 ድምፅ የሚሆኑ መሣሪያዎች ራሱ ሠርቷል። ጓደኞችህን «ማይክሮቶናል ነው» ብለህ ብታስረዳቸው እኮ ይገባቸዋል። አጠር ያለ ጽሑፍ ከቪዲዮው ጋር አድርግ።

ቀረጻ ቤት፦

ጣና ማዶ፣ በዚህ አልስማማም። ጽሑፍ መጀመሪያ ከመጣ ሰው ለፈተና ነው የሚሰማው፣ «የቱ ጋ ነው የወጣው» እያለ ይፈልጋል። መጀመሪያ ይስማ፣ ከወደደው ራሱ ይጠይቃል። እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው፦ አንድ ሐረግ ብቻ፣ ሃያ ሴኮንድ፣ በሁለት መልክ። አንዱ እንደተጫወትከው፣ ሌላው ያ ልጅ በኦቶ ቲዩን ያሳለፈው። «አንድ» እና «ሁለት» ብለህ ስማቸውን ሳትናገር ላክና የትኛው ልባችሁን ነካው በላቸው። የትኛው ልክ ነው አትበል። ጥያቄው ራሱ መልሱን ያበላሸዋል።

ጣና ማዶ፦

እሺ፣ ይሄኛው ይሻላል። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ጓደኛ ካለህ ግን ቅኝቱን ራሱን ልትልክለት ትችላለህ። የስካላ ፋይል ይባላል፣ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ ርቀቶቹን በሴንት ትጽፍበታለህ፦ 130.0፣ 500.0፣ 600.0፣ 900.0፣ 1200.0። ነጥቧን አትርሳ፣ ነጥብ ያለው ቁጥር ነው ሴንት የሚባለው። ከ130ው በቀር የፒያኖውን ነው የጻፍኩልህ፣ ሌሎቹንም ለክተህ ተካቸው። ሰርጅ ኤክስቲ የሚባል ነጻ የኮምፒውተር ሲንተሳይዘር (ድምፅ የሚፈጥር ፕሮግራም) ይህንን ፋይል ያነባል።

የፔዳው ማሲንቆ፦

ተመለስኩ፣ ስለዘገየሁ ይቅርታ፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነበር።

አሥር ጊዜ ለካሁ። ስምንቱ ከ126 እስከ 134 ውስጥ ናቸው። ሁለቱ ወጥተዋል፣ ሁለቱም ፈጠን ብዬ ስጫወት። ያው ሹም አቦ እንዳለው እዚያ ላይ ልምምድ ይቀረኛል። ከዚያ ቅዳሜ አጎቴ ጋ ሄጄ እሱንም ለካሁት፣ ለምን እንደሆነ ሳልነግረው። 128! ስልኩን ሳሳየው «ይሄ ምንድን ነው፣ ይከፈላል እንዴ?» አለኝ፣ ሴንቱን ሳንቲም መስሎት።

ቀረጻውን ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ቤት ውስጥ ደገምኩት። ኪቦርድ የለም። ከሥሩ የማሲንቆዬን መነሻ ድምፅ አነጠፍኩ። ሁለቱን ሐረጎች ያለ ስም ላክሁ። ብዙዎቹ የኔን መረጡ፣ ሦስት ልጆች ኦቶ ቲዩኑን። ያ «አስተካከልኩልህ» ያለኝ ልጅ ራሱ የኔን ነው የመረጠው፣ ከዚያ ደውሎ «ያቺ ሁለተኛዋ ድምፅ ላይ ምን አድርገህ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለአንድ ሰዓት አወራን። ነገ ማሲንቆዬን ይዤ እሱ ቤት እሄዳለሁ።

ሦስቱ አሁንም አልወደዱትም። ለእነሱ የድጓ ተማሪው እንዳሉኝ ያንኑ ሐረግ በየሳምንቱ እልክላቸዋለሁ። እርስዎን ከልቤ ነው የማመሰግነው፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

አሁን የአጎቴንም ቀርጬዋለሁ፣ ልለቀው ነው።

ሹም አቦ ሰፈር፦

ከመልቀቅህ በፊት ጠይቀው። ተጫዋቹ እሱ ነው፣ ቲክቶክ ላይ ማን እንደሚያየው ንገረው። ስሙን ከላይ ጻፍለት፣ እሱ ከፈለገ።

የፔዳው ማሲንቆ፦

ጠየቅሁት። ፈቅዷል፣ ግን በደንብ ለብሶ እንደገና እንድቀርጸው ይፈልጋል።