በባሮክ ቫዮሊን ብቻ መኖር ይቻላል? ምክር ፈልጌ ነው

ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ኔዘርላንድ፣ ዘ ሄግ ነው። የባሮክ ቫዮሊን (የ17ኛውና የ18ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ሙዚቃ በዘመኑ ስልት የሚጫወትበት ቫዮሊን) ትምህርቴን ከጨረስኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት የባሮክ ዘመኑ አቀናባሪ የባኽ የማቴዎስ ሕማማት (የክርስቶስን ሕማማት የሚተርክ የመዘምራንና የኦርኬስትራ ድርሰት) የማይሰማበት ከተማ እዚህ ጥቂት ነው፤ ያኔ ስልኬ አያርፍም። ፋሲካ ሲያልፍ ጭር ይላል። አብዛኞቻችን በየኮንሰርቱ የምንከፈል የግል ሠራተኞች ስለሆንን፣ ሥራ ሲጠፋ የሥራ አጥ አበል የለንም።

ክሩም ወጪ ነው። እንደ በገና ከበግ አንጀት ስለሚሠራ (እናቴ ይህን ስነግራት ነው ሙያዬ የገባት) የአየሩ እርጥበት ሲለዋወጥ ቅኝቱ ይበላሻል። ባለፈው ሳምንት ቀጭኑ ክር ልምምድ መሐል ተበጠሰብኝ።

አሁን አንድ ዘመናዊ ኦርኬስትራ ለቋሚ ቦታ ፈተና ጠርቶኛል። ጆሮዬ ግን የለመደው በባሮክ ሙዚቃ የተለመደውን የ415 ኸርዝ ቅኝት ነው (መቃኛው ድምፅ በሰከንድ 415 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው)፤ የእነርሱ ቅኝት ከዚያ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። ቀስቱም ሌላ፣ አያያዙም ሌላ።

ሁለቱንም የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፦ ቋሚ ሥራ የያዘን ሰው የባሮክ ቡድኖች መጥራታቸውን ይተዋሉ? በአንድ ቀን ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው መዝለልስ እንዴት ይለመዳል? ለፈተናው የቀረኝ አምስት ሳምንት ብቻ ነው።