6700417 ላይ ተጣብቄ ቀረሁ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሒሳብ ሰው አይደለሁም፤ ቀን ቀን የምሠራው የሱቅ ሒሳብ ነው። ማታ ማታ ግን አንድ ቁጥር እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። 2ን 2፣ 4፣ 8፣ 16 ጊዜ እርስ በርሱ አባዝታችሁ 1 ብትጨምሩ 5፣ 17፣ 257፣ 65537 ይመጣል። ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው ቁጥር የለም። ፌርማ የሚባለው የፈረንሳይ የሒሳብ ሰው ይህን አይቶ ቀጣዩም እንደዚያው ነው ብሎ አመነ። ቀጣዩ (2 ለ32 ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲጨመር) 4294967297 ነው። እ.ኤ.አ. በ1732 ኦይለር የሚባል ሌላ የሒሳብ ሊቅ 641 ያለ ቀሪ እንደሚያካፍለው አሳየና ነገሩ ፈረሰ። እኔም ባለካሬ ደብተር ላይ 641ን በ6700417 አባዛሁ። ልክ መጣ! (ሦስተኛው ሙከራ ላይ ነው፤ አንዷን 7 እንደ 1 አንብቤያት ነበር።)

ችግሬ 6700417 ራሱ ብቸኛ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ስኩዌር ሩቱ 2588 ከምናምን ነው። ከ3 ጀምሬ እያካፈልኩ 97 ላይ ስደርስ እጄ ዛለ።

የ4294967297 ብቸኛ አካፋዮች ሁሉ በ64 ሲካፈሉ 1 ይተርፋቸዋል የሚል ሕግ አንብቤያለሁ። እውነትም 641 ማለት 64 ጊዜ 10፣ ሲደመር 1 ነው። ታዲያ ይኼ ሕግ ለ6700417 አካፋዮችም ይሠራል? ከሠራ ድካሜ በጣም ይቀላል። ከ641 በታች ያሉት ሕጉን የሚያሟሉ ብቸኛ ቁጥሮች፣ 193፣ 257፣ 449 እና 577፣ የ4294967297 አካፋይ እንዳልሆኑ ሞክሬ አይቻለሁ፤ እነሱን ልዝለላቸው? 641ንስ ድጋሚ መሞከር አለብኝ?

ኮምፒውተር ይነግርሃል እንዳትሉኝ። በእጅ የሚሠራበትን መንገድ ነው የምፈልገው።